ጣዖት አጣቢዋ

ወሬው የተነሳው ከአንድ ፎቶ ነው። ዲቦራ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ጡቷን የገለጠች የጥንት ሮማውያን ጣዖት የቬኑስ የእብነ በረድ ሐውልት ስር ተንበርክካ ትታያለች። ዲቦራ ዙሪክ ውስጥ ጥንታዊ ቅርስ የሚያድስ ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው፤ የተንበረከከችውም ከሐውልቷ እግር ላይ እድፍ ልትጠርግ ነበር። ይህን ግን ለጄኔቫ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ማን ያስረዳ? "የሸዋረጋ ልጅ ለጣዖት ሰገደች" ተባለ፣ አለቀ።

እናቷ ሸዋረጋ የምትኖረው "ለ ሊኞን" የሚባል የጄኔቫ ሰፈር ነው። ጽዋውን ተቀብላ የሚቀጥለውን ማኅበር የምትደግሰው እሷ ነበረች፤ ተራሽን ሊያልፉሽ ነው ብለው ሹክ አሏት። ሰብሳቢዋ እትዬ ተናኘወርቅ ደግሞ ደውለው፣ "ምን ታደርጊ ሸዋዬ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው" አሏት፤ የወለደችው ዲቦራን ብቻ መሆኑን እያወቁ! በሰው አገር ከማኅበር የወጣ ሰው ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ቢሞት ማን ያለቅስለታል? ሸዋረጋ ልጇን ሥራ ልታስተዋት ቆርጣ የዙሪክ ባቡር ተሳፈረች።

ስትደርስ ዲቦራ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት በምላሷ እያራሰች የሐውልቷን ጉንጭ ታብሳለች።

"ትተፊባታለሽ እንዴ?"

"ምራቅ እኮ ነው እማዬ። ቆሻሻውን ያነሳል፣ ድንጋዩን አይጎዳም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ዠ ተ ዡር፣ እምልልሻለሁ!"

ሸዋረጋ ቀረብ ብላ አየች። የሐውልቷ አፍንጫ ተሰብሯል፣ እጆቿም የሉም። ልጇ ግን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ቀስ አድርጋ ነበር የምትነካት። ባቡር ላይ ስታሰላስለው የመጣችው ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ይህ እጅ የልጄ እጅ ነው ብላ ኮራች።

ማኅበሩ ቶኔ የሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ተናኘወርቅ ቤት ተሰበሰበ። ጸሎቱ አልቆ ጽዋውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ሲሉ ሸዋረጋ ጣልቃ ገባች።

"ልጄን ስትሠራ አይቻት መጣሁ። በምራቋ ነው የምትጠርጋት።"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። "ተፋችባት! እሰይ የኛ ልጅ!" እትዬ ተናኘወርቅማ ጽዋውን ራሳቸው አምጥተው አስያዟት። "እኛ ደግሞ ምስኪኗን አማናት!"

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅላት ነበር። ዝም ማለቱ ግን ልጅን መካድ ሆነባት።

"ስለናቀቻት አይደለም እትዬ። ትላልቆቻችን እንትፍ እንትፍ ብለው ሲመርቁን ንቀውን ነበር? ልጄ ለድንጋይ አትሰግድም፤ የተሰበረ ታክማለች። በሥራዋም አላፍርም።"

እልልታው ቀጥ አለ። እትዬ ተናኘወርቅ እጃቸውን ዘረጉ።

"እንግዲያው ጽዋውን መልሺ።"

"አልመልስም! ጽዋው የኪዳነ ምሕረት ነው። የሚመጣው ማኅበር ለ ሊኞን፣ እኔ ቤት ነው። የምትመጡ ኑ። እጃችሁን የምታስታጥባችሁ ዲቦራ ናት።"