በመስታወት የሚነበብ ቀልድ

ፖሊዮ ብዙ ልጆችን ሽባ ባደረገበት በዚያ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የቀልድ መጽሔት እሠራ ነበር። ቪንስ ኮሪጋን ሥዕሉን ይስላል፤ እኔ ዶሎረስ ፓሼክ ደግሞ በሥዕሉ ካሉት ልጆች ራስ በላይ በተሣሉት ነጫጭ ክቦች ውስጥ የሚናገሩትን በብዕር እጽፋለሁ። ታሪኮቻችን አምስት አምስት ገጽ ናቸው። አንዱ ጎረምሳ ለአንድ ዳንስ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር ይቀጣጠርና ጉድ ይፈላል። ከዚያ የጠለቀ ነገር አልነበረንም።

ነሐሴ ላይ ከአንድ ሆስፒታል ደብዳቤ መጣልን። የጻፈችው ነርስ ብትሆንም ቃሉ የአሥራ ስድስት ዓመቷ የጆአን ሊንድኲስት ነበር።

«ብረት ሳንባ ውስጥ ነው የምተኛው» ትላለች። «ከአንገቴ በታች ማሽኑ ውስጥ ነኝ፤ እሱ ነው የሚተነፍስልኝ። የማየው ከፊቴ በላይ ባለው መስታወት ስለሆነ ፊደላችሁ ይገለበጥብኛል። እማ ታነብልኛለች፤ ግን ቀልዱ ጋ ሳትደርስ ራሷ ትስቃለች። እኔ ጋ ሲደርስ ቀልዱ በርዷል።»

ቪንስ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዶሊ፣ ገልብጠሽ መጻፍ ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ» አልኩት።

የቦርሳዬን መስታወት ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ሁለት ቀን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ስጽፍ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ፎቶ አንሺ ኦቶ አየኝና ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ገጹ የሚታተምበትን ፊልም ባገላብጠውስ?» አለኝ።

አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ቪንስ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

እሑድ የተገለበጡትን ገጾች ሆስፒታል ወሰድንላት። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጫፍ አንድ ራስ ብቻ ብቅ ብሏል። ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይተነፍሳል። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ከአንዱ ማሽን ጋር ሳስተካክል ራሴን አገኘሁት።

እናቷ ከራስጌዋ ቆማ ገጾቹን ወደ መስታወቱ አዙራ ያዘችላት።

«እማ፣ እንዳትስቂ» አለች ጆአን።

ዓይኗ በመስታወቱ ላይ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሄደ። አራተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። ቪንስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አልወደደችውም» አለኝ።

ያኔ ማሽኑ አየሩን ለቀቀ፤ ሳቋም አብሮ ወጣ። መሐል ላይ ተቋረጠ። ማሽኑ እስኪስብላት ጠበቀች፤ ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

«ይቅርታ» አለችን፤ ቃሏም እንዲሁ እየተቆራረጠ። «መሳቅ የምችለው ሲያስወጣ ብቻ ነው። እስከዚያ እይዘዋለሁ።»

«አይጠፋብሽም?» አላት ቪንስ።

«ጥሩ ከሆነ ይቆያል። የሁለተኛው ገጽዎ ቀልድ ግን አልቆየም።»

ከአጠገቧ ያለው ጎልማሳ «ጆአን፣ ለብቻሽ ነው እንዴ?» አላት። እናቷ ገጾቹን ወደ እሱ መስታወት ወሰደች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንዱ ሰው ያነባል፣ ዝም ይላል፣ ማሽኑ ይለቅና ይስቃል። ገጾቹ ወደሚቀጥለው ካለፉ በኋላም ከኋላ ሳቅ ይሰማል። ቪንስ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። እኔ እጄን አየሁት፤ የጣቶቼ ቀለም አልለቀቀም ነበር። በዚህ እጅ ምን ስሠራ እንደኖርኩ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ኦቶ በየወሩ ለዚያ ክፍል ፊልም ያገላብጥ ጀመር። አለቃችን አንድ ጊዜ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገርነው፤ ሁለተኛ አልጠየቀም።

በጸደይ ጆአን በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ወጥታ በራሷ መተንፈስ ቻለች። «አሁን መሳቅ በፈለግሁበት ሰዓት እስቃለሁ» ብላ አጻፈችልን። «እማ ግን አሁንም ትቀድመኛለች።»