ከጫካው የተረፈው ከረጢት

ሰው ስም የሚያወጣው ለልጁ ነው፤ የአፈር ተባዮችን የምታጠናው ልጅ ግን ስም ለማውጣት የቋመጠችው ለአንዲት የአፈር ቅንቅን ነው። የመዥገር የሩቅ ዘመድ ናት፤ ያለ ማይክሮስኮፕ አትታይም። የጀርባዋን ፀጉር አደራደር የመዘገበ መጽሐፍ የለም። ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ፣ «ሰው ቅማል ሲያገኝ ይደብቃል፤ አንቺ ለዓለም ላስነግር ትያለሽ!» ብሎ ስቆባታል።

አለቃዋ፣ ዕድሜውን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ የጎበጠው ሽማግሌ፣ አልሳቀም። «ያገኘሽው አንዷን ብቻ ነው። እንከን ይዛ የተፈለፈለች ብትሆንስ? ሁለተኛ አምጪና አዲስ ዝርያ ናት ብለን እንጽፋለን» አላት። ሁለተኛ ፍለጋ ስትሄድ የመጀመሪያዋን ያገኘችበት ጫካ የለም፤ ተመንጥሮ፣ ተደልድሎ፣ አስፋልት ለብሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከዚያ መሬት የተረፈው አንድ ከረጢት አፈር ብቻ ነበር፤ እሱንም የመሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ከእናቷ ዕቃ ቤት አስቀምጣዋለች።

አፈሩን አምጥታ፣ ጫፉ የጠበበ ቆርቆሮ ላይ በወንፊት ዘረጋችው። ከላይ አምፖል አበራች፣ ከሥር የአልኮል ብልቃጥ ደቀነች። ቅንቅን ሙቀቱን ስትሸሽ ቁልቁል ወርዳ ብልቃጡ ውስጥ ትገባለች። የሚሸሽ ግን በሕይወት ያለ ብቻ ነው።

አፈሩ አመድ እስኪመስል ደረቀ፤ አልኮሉ ውስጥ ምንም የለም። አዲሷ ትቅርና፣ የትም ጭቃ የሚርመሰመሱት ተራዎቹ እንኳ አልወረዱም። አምፖሉን ወቀሰች፣ ወንፊቱን ወቀሰች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ደረቁን አፈር በውሃ በጥብጣ አየችው፤ የበሰበሰ ቁርጥራጭ እግር እንጂ ሙሉ ገላ አላገኘችም።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ ደነገጠች።

«ምነው ልጄ? አፈር ስሆን፣ እህል ቅመሺ።»

«ያ ዕቃ ቤት የነበረው አፈር... ምንም የለበትም፣ እማዬ።»

የእናቷ ፊት በራ። «ተመስገን! ተባይ አለበት ስትይ ሰምቼ፣ እጅሽን እንዳይበሉሽ ብዬ ፍሊት ነፋሁበት። ደህና አድርጌ ነው የነፋሁት!»

ከክፉ ሰው የሚጠብቅ ሞልቷል፤ ከእናት ደግነት ማን ይጠብቃል? አንድ ዘር ስም እንኳ ሳይወጣለት ከምድር ጠፋ። ልጅቷ መጮኽ አማራት።

እናት የልጇን እጅ ይዛ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያገላበጠች የንክሻ ምልክት ፈለገች።

«አንዱም አልነከሰሽም አይደል?»

«አልነከሰኝም፣ እማዬ» አለች እንባዋን እየዋጠች።