እንዳልክ ዳሽቦርዱን ያስቀየረ ሰሞን

የእንዳልክ ላዳ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ስንጥቅ መሳደብ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ከኋላ ገባችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። እንዳልክ እንደ ልማዱ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ስንጥቁ ግን፣ «የቤትሽ በር ቢሆን እንዲህ ትወረውሪው ነበር?» አለ። ድምፁ ቁርጥ የእንዳልክ ነው።

«ምን አልክ አንተ?» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ አይደለሁም። ዳሽቦርዱ ነው።»

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ስንጥቁን አየችው። «ታዲያ ምነው ሥርዓት ብታስይዘው? ሰው የሚጫንበት መኪና አይደለም እንዴ?» አለችና ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አመቻቸች።

ስንጥቁ የቆየ ነው። ሰው ሁሉ ፀሐይ ያመጣው ነው ይላል። እንዳልክ ግን ያውቃል። አባቱ ሞተው ላዳዋን መንዳት ከጀመረ ወዲህ፣ ሊናገር ያሰበውን ነገር በዋጠ ቁጥር ስንጥቁ ትንሽ ይሄዳል። ትራፊክ ሲያመናጭቀው ዋጠ፤ ስንጥቁ ከሬዲዮው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሱፍ የለበሰ ተሳፋሪ እንደ ውሻ በፉጨት ሲጠራው ዋጠ፤ እስከ ሲጋራ መተርኮሻው ደረሰ። ከመሪው ሥር ተነስቶ እስከ ቀኙ በር የተዘረጋው ትልቁ ስንጥቅ ግን የታላቅ ወንድሙ የግዛቸው ሥራ ነው። ግዛቸው፣ «ታላቅ ነኝና ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን» ብሎ ሊብሬውን በስሙ አወጣ። ያኔም እንዳልክ ዋጠ። እነሱ ቤት ታናሽ ለታላቅ መልስ አይሰጥም። አባታቸው በምክርም በኩርኩምም ያስያዟቸው ይሄንን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጸጉራም ምንጣፍ ገዝቶ ስንጥቁን አለበሰው። ለውጥ አልመጣም። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚቆጣ ሰው እየታፈነ ይሳደብ ጀመር። አንድ ትራፊክ አስቁሞ ገና «መንጃ ፈቃድ» ሲል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ «ጠዋት አይተኸው የለም እንዴ? ፊቴ ነው የናፈቀህ?» የሚል ድምፅ ወጣ።

ትራፊኩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «እሱስ መንጃ ፈቃድ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ አይናገር» አለና አሳለፈው።

ሐሙስ ዕለት ግዛቸው ራሱ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ቀበቶ አላሰረም። «እሁድ ገዢ ይመጣል። ላዳዋን ልሸጣት ነው» አለ። «አቶ መኩሪያም በሽማግሌነት ልገኝ ብለዋል፤ የአባባ ጓደኛ ናቸው፣ እንቢ አይባሉም። አንተም ቁልፉን ይዘህ ና። ነገር አልፈልግም።»

እንዳልክ ጆሮው ድረስ ጋለ። መሪውን ጨምቆ ያዘና፣ «እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለ።

«እሺ ይበልህ ሰይጣን!» አለ ምንጣፉ ሥር ያለው። «ሞተሯን ማን አወረደ? በክረምት ጭቃ ላይ ከሥሯ ተጋድሞ ያደረው ማነው? አንተ ውኃ የት እንደሚጨመር እንኳ ታውቃለህ? የምታውቀው ሊብሬውን ነው! እኔ እንጀራዬን የምበላባትን፣ አንተ ቆርጠህ ልትበላት!»

ግዛቸው ምንጣፉን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ።

«አባባ እያሉ እንዲህ አይልም ነበር» አለ።

«አባባ እያሉ አልተሰነጠቀም ነበር።»

«እሁድ ሰው ፊት እንዳያዋርደኝ። አሠራው።»

«እሺ» አለ እንዳልክ። ስንጥቁ ቋ ብሎ ትንሽ ጨመረ።

ያን ቀን ሙሉ እንዳልክ ሲበግን ዋለ። ቢሆንም የሽማግሌን ነገር ያውቃል። ሽማግሌ ፊት የጮኸ እውነት ቢኖረውም ባለጌ ተብሎ ይነሳል፤ አንገቱን የደፋ ጨዋ ተብሎ ይመረቃል። ላዳዋን ማትረፍ ካለበት ስንጥቁ ዝም ማለት አለበት። እሱ ራሱ ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት ያስረዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ሳዲቅ ሄደ።

ሳዲቅ የመኪና ወንበርና ዳሽቦርድ ሠሪ ነው። አውራ ጎዳናው ዳር፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል። ስንጥቁን አይቶ፣ «ዳሽቦርድ ነው ወይስ አማት ነው ያመጣህልኝ?» አለ።

መጀመሪያ ማስቲሽ ሞላበት፤ ስንጥቁ ዋጠው። ቀጥሎ ቆዳ አልብሶ ሰፋው፤ ክሩን አኝኮ ተፋው። ሳዲቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይሄ አይጠገንም። ይቀየራል። የሾፌር ዳሽቦርድ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ያንተ ግን በዛ። ምን ያህል ነው የምትውጠው ወንድሜ?» ከጓሮ ሌላ ዳሽቦርድ አመጣ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንዲት ጭረት የሌለበት። «ባለቤቱ አፈኛ ነበር። ለማንም አይመለስም። እያት፣ ጫፏ አልተነካም።»

ሳዲቅ ብሎኑን መፍታት ሲጀምር ስንጥቁ ጮኸ። «እንዳልክ! እኔን አውርደህ በምን ልትናገር ነው? እሁድ በምን ልትናገር ነው?»

«ዝም በል!» ብሎ እንዳልክ አንባረቀ። ዕድሜውን ሙሉ በማንም ላይ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሳዲቅ የመጨረሻዋን ብሎን ነቀለ፤ ስንጥቁም ጸጥ አለ።

«አሮጌውን ትወስደዋለህ?»

«ጣልልኝ።»

«አይጣልም። ፈላጊ አለው።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ሚኒባስ ምልክት ሳያሳይ ፊቱ ገባበት። እንዳልክ ፍሬን ይዞ አፉን ከፈተ። የወጣው፣ «ችግር የለም» የሚል ነበር። ጉሮሮው እንደታጠበ ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ተሰማው።

እሁድ በግዛቸው ግቢ ወንበር ተደረደረ። ገዢው ላዳዋን እየዞረ ጎማዋን በእግሩ ይነካካል። አዲሱን ዳሽቦርድ አይቶ፣ «እቺስ በደንብ ተይዛለች» አለ። አቶ መኩሪያ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ወደ እንዳልክ ዞሩ።

«ስማ ልጄ። ዛሬ የመጣሁት ላንተ ብዬ ነው። አባትህ ይቺን መኪና ለማን እንዳሰባት እኔ አውቃለሁ። ግን ካንተ አፍ መስማት አለብኝ፤ አለበለዚያ ለዝምተኛ አልፈርድም። ብትፈልግ ተቆጣ፣ ብትፈልግ ጩህ። ማንም ባለጌ አይልህም። መኪናዋ ለማን ነው የምትገባው?»

ግዛቸው ጫማውን ያያል። ከግንባሩ ላብ ይወርዳል።

እንዳልክ አፉን ከፈተ። ሞተሩን ፈለገ፣ ጭቃውን ፈለገ፣ ሊብሬውን ፈለገ። ሁሉንም ያስታውሳቸዋል፤ ቃላቸው ግን ቦታው ላይ የለም፤ ዕቃው ወጥቶ የተጠረገ ቤት ነው።

«እንዳላችሁ ይሁን» አለ።

«ልጄ፣ በደንብ አስብ።»

«ችግር የለም።»

አቶ መኩሪያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና እህል ሳይቀምሱ ወጡ። እንዳልክ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ለታላቁ ሰጠ። ግዛቸው ግንባሩን ሳመው። «ጨዋ ልጅ» አለው።

ሰኞ እንዳልክ በእግሩ ሳዲቅ ጋ ሄደ። ቆርቆሮው ሥር አሮጌው ዳሽቦርድ የለም።

«ተሸጠ» አለ ሳዲቅ። «ጸጥ ያለ ሰውዬ ነው የወሰደው። 'የሚናገርልኝ ነገር እፈልጋለሁ' አለኝ። ገጠምኩለት። ምነው፣ ፈለግከው?»

እንዳልክ «ፈለግሁት» ሊል ነበር። «አመሰግናለሁ» አለ።

ከዚያ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ያዘ። መብራቱ ቀይ ሲሆን መኪኖች ተደርድረው ቆሙ። ከነሱ መሃል አንዲት ላዳ ነበረች። መስታወቷ ዝግ ነው። መሪው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እጁን በሥርዓት አስቀምጦ ወደ ፊት ያያል። ከውስጥ ግን የእንዳልክ ድምፅ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል።

«እኔ ነኝ ከሥሯ የተኛሁት! የእኔ ናት! አቶ መኩሪያ፣ የእኔ ናት! ግዛቸው፣ ትሰማለህ?»

ሰውዬው መስታወቱን ዝቅ አደረገና እንዳልክን አየው። «ይቅርታ፣ ከጠዋት ጀምሮ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሰው ይፈልጋል። ያውቋቸዋል?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ላዳዋ ሄደች፤ ጩኸቱ አደባባዩን ዞሮ ቁልቁል ወረደ። እንዳልክ የሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ከንፈሩ ከድምፁ ጋር እኩል ሲንቀሳቀስ ተሰማው፤ ቃል በቃል፣ ያለ ድምፅ። ላዳዋ ከዓይን ጠፋች፣ ድምፁም ጠፋ። ከንፈሩ ግን ቀጠለ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ትንሽ ራቅ ራቅ አሉለት። እንዳልክ ሁለት መዳፎቹን ደራርቦ አፉን ከደነ። ከመዳፉ ሥርም ይንቀሳቀስ ነበር።