የተፈታው ግዝት

ሥርጉት ከሞጣ ተነስታ ተራራው ላይ የወጣችው ቄስ ገብረ ክርስቶስን አንድ ነገር ለመለመን ነው፤ ደኑን መልሰው እንዲገዝቱት።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ደጀ ሰላም ተቀምጣ ግዝቱን እንዲፈቱ የለመነቻቸውም እሷ ነበረች። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም ነበር። ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ባለሙያ አድርገው ላኳት። ደኑ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተገዘተ ነበር፤ የኮሶውንም ሆነ የአስታውን ዛፍ የነካ፣ ቅጠል እንኳ የበጠሰ፣ ሲሞት ፍትሐት የለውም። ስለዚህ ችካል የሚተክል፣ ወሰን የሚመነጥር ሠራተኛ ጠፋ። እጥፍ እንከፍላለን ቢባልም ሰዉ ነፍሴን አልሸጥም እያለ ተመለሰ። ሥርጉት ደግሞ መጠበቅ አይሆንላትም። ከእንግዲህ ሕግ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ሰውን በሲኦል ማስፈራራት ምን ያደርጋል ብላ ተሟገተች። ቄሱ ሁለት ሳምንት አስበው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንስተው ፈቱት።

ከዚያ ጦርነት መጣና መንገዱ በተኩስ ለወራት ተዘጋ፤ ደመወዝ ተቋረጠ። ከአሥራ ሁለቱ የፓርኩ ጠባቂዎች አሥራ አንዱ አንድ በአንድ ወርደው የቀረው ቢያዝን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሽቅብ ሲወጡ ከጉቶ ጉቶ እየዘለለ መራት። ጉሬዛዎቹስ የት ሄዱ ስትለው፣ «ዛፍ ወዳለበት» አላት። አልሳቀም።

ቄስ ገብረ ክርስቶስ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሰምተዋት ሲያበቁ፣ የእናቷን ጤና ጠየቁ። ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባቴ፣ የቀረው አንድ ሸለቆ ነው። እስከ ፋሲካ አይቆይም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይገዝቱት።»

«በምን ላስፈራቸው ልጄ? ድሮ ማንም ቆርጦ ስለማያውቅ ሁሉም ይፈራ ነበር። አሁን ሰዉ ቆርጧል። ቆርጦም ቤት ሠርቷል፣ ልጅ ድሯል፣ ደኅና አድሯል። ብገዝት የሚሰማኝ አንድ ሁለት ሽማግሌ ነው፤ እነሱ ደግሞ መጥረቢያ ማንሳት አይችሉም።»

ይሞክሩት አለቻቸው። ለመነች፤ ቀጥሎም ተቆጣች። በመሀል ከዳገቱ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ መጣ። በሩ ላይ የቆመው ቢያዝን መሬት መሬት አየ። ቄሱም ቀና አላሉም።

«የሚቆርጠው ስጦታው ነው፤ የኔው ልጅ» አሉ። «አንቺ ለመንሽ እንጂ የፈታሁት እኔ ነኝ። ብገዝት መጀመሪያ የማስረው እሱን ነው። ነገ ቢሞት ማን ይፍታው?»

መጥረቢያው አላቋረጠም። ሥርጉት ተነስታ መስቀል ሳትሳለም ወጣች።

መንገድ ዳር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመች። ወደ ሞጣ የሚሄድ አንድ አይሱዙ ብቻ መጣ፤ ኮሶ ተጭኖበታል፤ ግንዶቹ ከተቆረጡ ገና ስላልቆዩ ፈሳሽ ያዣሉ። ሹፌሩ ከዚህ በኋላ ዛሬ መኪና የለም አላት። እንዲያልፍ በእጇ ምልክት ሰጠችው። መኪናው ገና ሳይርቅ ዝናቡ ሲጀምር ግን ሮጣ ደርሳበት ጋቢና ገባች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሹፌሩ ጨዋታ ፈለገ። እዚህ ተራራ ላይ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ ጠየቃት።

የፓርኩን መታወቂያ ኪሷ ከትታ «አስተማሪ ነኝ» አለችው።