የፊተኛው መድፍ ዝምታ

«ዕድል ፈንታ፣ ጽዋ ተርታ» ይላሉ አበው። ሞት ተርታውን ጠብቆ ሲመጣ ግን ይገዙ አላየም።

የቀድሞው ባሕርተኛ ይገዙ በጾመ ነነዌ ከቁስቋም ማርያም አስቀድሶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ቶማስ ከአጥር ሥር ብድግ ብሎ መንገዱን ዘጋበት። አባቱ ባጫ አገሩን ወደብ ባሳጣው የቀይ ባሕር ውጊያ ከይገዙ ጋር በአንድ መርከብ የተዋጋ ነው፤ ቶማስ የሚያውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

«ጋሽ ይገዙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የፊተኛው መድፍ ለምን ዝም አለ?»

«ማን ነገረህ?»

«ከመርከቧ የተረፈ ሰው። ያ መድፍ ባይቆም ድሉ የእኛ ነበር ይላል። ተኳሹ ደግሞ እርስዎ ነበሩ።»

«ዕድል ነው፣ ልጄ።»

«ዕድል። አባቴን ዓሣ በላው፤ አንተ እዚህ ጸበል ትጠጣለህ።»

የመጀመሪያው ጡጫ ዓይኑ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ከድንጋይ አጥሩ ጋር አላተመው። ይገዙ ተንበረከከ፤ አፉን ደም ሞላው።

የውጊያው ቀንም ጾመ ነነዌ ነበር። ጥይት አቀባዩ ባጫ ሦስቱን ቀን ውሃ እንኳ አልቀመሰም። የጠላት ፈጣን ጀልባዎች ማዕበሉን እየሰነጠቁ ሲመጡ ይገዙ ሁለቱን አነደደ። ሦስተኛዋ ስትቃረብ ባጫ ጥይቱን እንደታቀፈ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ይገዙ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። የመትረየስ ሩምታ በአናቱ ላይ አልፎ፣ ቆመው የነበሩትን ሦስት ሰዎች ከወገባቸው ቆረጣቸው፤ የአንዱ አንጀት በይገዙ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለ። መድፉ ዝም ባለበት ጀልባዋ ተጠግታ የመርከቧን ሆድ ቀደደችው። ነዳጁ ፈሰሰና ባሕሩ ራሱ ነደደ፤ ባጫም እዚያው ቀረ። ይገዙን ያተረፈውም መርከቧን ያሰመጠውም ያው አንድ መውደቅ ነበር።

ቶማስ ከአጥሩ ድንጋይ ነቅሎ አነሣ።

«ተናገር። ፈርተህ ነው?»

እውነቱን ቢናገር ድንጋዩ ከልጁ እጅ ይወድቅ ነበር። ልጁ ሲምልበት የኖረው አባትም አብሮ ይወድቃል።

«እጄ ከዳኝ» አለ ይገዙ ደሙን እየተፋ።

«አባቴስ?»

«አባትህማ እስከ መጨረሻው ጥይቱን ከእቅፉ አልለቀቀም።»

ቶማስ ድንጋዩን አጥብቆ ጨበጠ።

«የትኛው እጅህ ነው?»

ይገዙ ቀኝ እጁን በአጥሩ ድንጋይ ላይ ዘረጋ።

በሆስፒታል ሦስት ጣቶቹ ተቆረጡ፤ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «ወድቄ ነው» የሚል ነው።