ሦስተኛው ቀለም

ሳቢራ ጥቁሩን ቀለም በሩሎ በተቀረጸው የማተሚያ እንጨት ላይ ስታዳርስ በሩ ተገፋ። እናቷ ወይዘሮ ዘሃራ ከጨፋ ሮቢት መጥተው፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ደፉ ላይ ቆመዋል። ከታናሽ እህቷ ከዓፊያ ቀብር ወዲህ ሳቢራ ወደ ቤት ሄዳ አታውቅም። እናቷም ከሚሴ ያለውን የሥራ ክፍሏን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቢ፣ እማ።»

ገመድ ላይ የተሰቀሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም የልብ ሥዕል ነው። ሳቢራ ሥዕሉን በሦስት እንጨት ትቀርጸዋለች፤ መጀመሪያ ቢጫው ይታተማል፣ በላዩ ቀዩ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ልቡን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ደሴ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን የቀራት ይኸው ጥቁሩ ብቻ ነው።

«የማን ልብ ነው?»

«የዓፊያ።»

ዓፊያ የልብ ሕመምተኛ ነበረች፤ የቀዶ ሕክምና ወረፋ ስትጠብቅ ነው የሞተችው። ሳቢራ ያኔ አዲስ አበባ ሥዕል ትማር ነበር። እህቷ መድከሟን የነገራት የለም። የደረሰችው አፈር ከለበሰች በኋላ ነው።

«እዚህ እንጨቱ ላይ የጠረብሽው ስንጥቅስ?» አሉ እናቷ።

«እናንተ የደበቃችሁኝ ነው።»

እናቷ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኛ አይደለንም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አባትሽ ሊደውልልሽ ሲል እጁን የያዘችው ራሷ ናት። ‹ፈተናዋን ትጨርስ፤ እኔ የትም አልሄድ› አለች። ወላሂ አስባለችን።»

«ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«እሷን ከምትቀየሚያት እኛን ብትቀየሚ ይሻላል ብዬ።»

«ታዲያ አሁንስ?»

«አባትሽ በር በሩን እያየ አረጀ።»

ሳቢራ ስንት ዓመት ሙሉ የሞተችውን እህቷን በዓይነ ልቦናዋ ያየቻት፣ እህቷን የሚጠራላት ያጣች ምስኪን አድርጋ ነበር። አሁን ግን በደከመ እጇ የአባቷን እጅ ይዛ የምታስምል ግትር ልጅ ፊቷ ድቅን አለች። ያቺን ዓፊያ ቀርጻት አታውቅም። ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ወይዘሮ ዘሃራ ተነሡ። «እንግዲህ ደኅና ዋይ። የሮቢቱ ሚኒባስ ሳይሞላብኝ ልሂድ።»

«ቆዪኝ፤ እጄን ልታጠብ። አብረን እንሄዳለን።»

«ሥራሽስ?»

ሳቢራ ቢጫና ቀይ ብቻ ወዳለባቸው፣ ስንጥቅ ወደሌለባቸው ወረቀቶች ቀና ብላ አየች።

«አልቋል» አለች፣ ሽርጧን እየፈታች።