ዘመድ የሰቀለው ዋጋ

እስራኤል አገር ኔታንያ የሚኖረው አምባቸው ጠገራ ብሩን ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ ያወጣው እሑድ ጠዋት ነበር። ሰኞ ማንም አልነካውም። ማክሰኞ ግን ኤቨን የሁዳ በምትባል የጎረቤት ከተማ የሚኖር ያኮቭ የሚባል ሰው መቶ ሃያ ሼቄል ብሎ ገባ፤ ከዋጋው ጋርም በዕብራይስጥ አንድ ጥያቄ ላከ። «ብሩ ላይ የተሣለችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ስንት ፍሬ አለው?»

አምባቸው ጥያቄውን ሁለቴ አነበበው። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት፣ ወገቡ ተጎድቶ ከፋብሪካ ከወጣ ደግሞ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሰው የሚጠይቀው የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የሚያመውን ቦታና በልቶ እንደሆነ ብቻ ነበር። ይሄኛው የሚያውቀው ነገር ነው። አባቱ ጎንደር ብር አንጥረኛ ነበሩ። ገበሬ ለሚስቱ ጌጥ ሊያሠራ ጠገራ ብር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ፍሬዎቹን በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ ዘጠኝ ካልሞላ እሳት አያስነኩትም። ስንቱን አቅልጠው አምባርና ድሪ እንዳደረጉት እሳቸውም አያውቁት። ሳይቀልጥ የተረፈው ይህ አንዱ ብቻ ነበር።

«ዘጠኝ» ብሎ በሁለት ጣቱ ጻፈ። ቀጥሎ ስለ አባቱ ጥፍር ጻፈ። ፊደሎቹን እየፈለገ ሲለቅም አንድ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ያኮቭ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው፤ የጥፍሩን ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። አንዳንዶቹ ጠገራዎች ከጀርባቸው ብቻ የሚያልቁት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። በአንገት እየተንጠለጠሉ ከልብስ ጋር ሲፋተጉ ነው አለው አምባቸው። እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ አሥራ አንድ መልእክት ተለዋወጡ። በመጨረሻው ላይ ያኮቭ «ካሸነፍኩ ሰፈርህ ራማት የዲዲም ድረስ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሻይ ካለህ እቀመጣለሁ» ይላል። አምባቸው ይህን ካነበበ በኋላ ተነሥቶ የኩሽናውን ጠረጴዛ ወለወለ።

ያን ዕለት ልጁ ያፊት ከቤር ሼቫ ደወለች። ጨረታውን የከፈተችለት እሷ ነበረች።

«እሺ አባ፣ ስንት ሰው ገባ?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? ማ ዜ፣ ምንድን ነው ይሄ አባ!»

«አንድ ይበቃል» አለ፤ እሷ ግን ስልኩን ዘግታለች።

ማታውን አንድ ሰው መቶ ሠላሳ አለ፤ ያኮቭ መቶ አርባ ብሎ መለሰ። ቀጥሎ ዋጋው መቶ ስልሳ ገባ፤ ከዚያ ሁለት መቶ፣ ከዚያ ሦስት መቶ ሃምሳ። ሐሙስ ጠዋት ሲከፍተው ሰባት መቶ ደርሷል። መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ግን ተጠራጠረ፤ ይህን ዓይነቱን ጠገራ ከሳንቲም ሻጭ ቤት ሄዶ በመቶ ምናምን ሼቄል የሚያገኝ ሰው ለምን ሰባት መቶ ይላል? ያኮቭ መቶ አርባ ብሎ እዚያው ቆሟል። ከእሱም መልእክት ነበር።

«አቶ አምባቸው፣ ዋጋ እንዲሰቅሉለት ጓደኞቹን የሚያሰልፍ ሻጭ ሳየው አውቀዋለሁ። ለድረ ገጹ አመልክቻለሁ። የአባትህ ጥፍር ተረት ግን ጥሩ ነበር።»

አምባቸው ማነው ይህን የሠራኝ ብሎ የተጫራቾቹን ዝርዝር ከፈተ። አራት ናቸው፤ ስማቸው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የገቡበትን ሰዓት እየተከተለ ወረቀት ላይ ጻፈው። ማታ ሲጫረቱ ቆይተው ድንገት አራቱም ዝም ብለዋል፤ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ አራቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ዝናብ ወርደዋል። በዚህ አገር ሥራውን ሁሉ ጥሎ በአንድ ጊዜ ዝም የሚል፣ በአንድ ደቂቃ የሚመለስ ሰው ማን ነው? በዚያ ሰዓት እሱ ራሱ ምን ያደርግ እንደነበር አሰበ። ከዘመዶቹ ማንም የማያመልጠውን የማታውን የአማርኛ ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

ያፊት ጋ ደወለ። «ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለሁሉም!» ብላ ሳቀች። «ለአጎቴ ለገበየሁ፣ ለአክስቴ ለቦሰና፣ ለዘመዳችን ለውድነህና ለሚስቱ። እንዴት እንደሚገባ በስልክ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቦሰና ብቻዋን ሁለት ሰዓት ፈጀችብኝ። ሰባት መቶ ደርሶልሃል፣ አየኸው?»

«ማን አዘዘሽ?»

«ዜ ካቮድ፣ አባ! ያንተ ዕቃ ጨረታ ወጥቶ አንድ ፈረንጅ ብቻ ይጫረትልህ?»

ክብር መሆኑ አልጠፋውም። በዘመዶቻቸው ሰርግ ላይ የሙሽራው አባት ያቀረበው ዳቦ ወይም ጋቢ ለጨረታ ሲወጣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዘመድ ዓመት ሙሉ ይታማል። አንዱ ይጠራል፣ ወንድሙ ከላዩ ይጠራል፣ ያሸነፈው ከፍሎ ዕቃውን ለባለቤቱ መልሶ ያስረክባል። አምባቸው ራሱ በገበየሁ ልጅ ሰርግ አንድ ዳቦ አራት መቶ ሼቄል አድርሶ ቁራሹን እንኳ አልቀመሰም።

ረሆቮት ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሙ ለገበየሁ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጠገራውን ሊገዙት ነው?»

«እኔ? የአባቴን ብር ከወንድሜ ልገዛ? አበድክ እንዴ! ባሸንፍም ላንተው ነው የምተውልህ።»

«እንግዲያው ይውጡልኝ። የሚፈልገው ሰው አለ።»

«ያ የመቶ አርባው? ተው እባክህ! ሰባት መቶ ብዬልህ መቶ አርባ ታነሣብኛለህ?»

«ለዋጋው አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ለታላቅ ወንድሙ «የሚጽፍልኝ ሰው ስለሆነ ነው» ይበል? «መቼ ነው ወደዚህ የሚመጡት?» አለ በምትኩ።

«ከበዓሉ በኋላ እናያለን» አለ ገበየሁ። የትኛው በዓል እንደሆነ አልተናገረም፤ ባለፈው ጊዜም አልተናገረም ነበር።

አምባቸው ለያኮቭ ሁሉንም ዘርዝሮ ጻፈለት። ዘመዶቼ ናቸው፣ ሊያከብሩኝ ነው፣ ሊገዙ አይደለም። ልኮ ሲያነበው እሱ ራሱም አላመነውም። መልስ አልመጣም።

ጨረታው የሚዘጋው በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሻጭ የማይፈልገውን ተጫራች መሰረዝ እንደሚችል አገኘ። የተሰረዘው ሰው ወዲያው «ሻጩ አልተቀበለዎትም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። የትኛው ፊደልና ቁጥር የማን እንደሆነ ያፊትን ጠይቆ ከውድነህ ጀመረ፤ በዕድሜ ታናሹ ስለሆነ እሱ ይቀላል። ቀጥሎ የውድነህን ሚስት፣ ከዚያ ቦሰናን። ገበየሁ ብቻ ቀረ። በሰው ፊት ቀርቶ በጓዳ እንኳ ገበየሁን ተው ብሎት አያውቅም። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ስሙን ሲያይ ቆየና ተጫነው። አሥር ሰዓት ሲሞላ የቀረው መቶ አርባ ብቻ ነበር።

ያኮቭ አንድ መስመር ጻፈ። «ነገ ሁለት ሰዓት፣ ገበያው በር ላይ። ቤት አልመጣም።»

ዓርብ የኔታንያ ገበያ ገና በጠዋቱ ይጨናነቃል። ያኮቭ ኮፍያ ያደረገ አጭር ሽማግሌ ነበር። የአምባቸውን ሰላምታ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰ፤ ብሩን በትንሽ ሚዛን መዘነ፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየ።

«ጓደኞችህ ፈሩ?» አለ ቀና ሳይል።

«ወንድሜና እህቴ ናቸው። አልፈሩም፣ እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

«ለምን?»

«አንተ እንድትወስደው።»

ያኮቭ ቀና ብሎ አየው። «ሰባት መቶ ጥሎ መቶ አርባ የሚወስድ ሻጭ አላየሁም። እንግዲያው ሰባት መቶው ውሸት ነበር ማለት ነው።»

አምባቸው አሰበበት። ማንም ሊገዛ አልነበረም። «አዎ» አለ።

«ይኸው» አለ ያኮቭ፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠው፣ ብሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። አምባቸው አውቶቡሱ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተለው። የማንን መልእክት ለማየት እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ቤቱ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሊመለስ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«አባረርከኝ!» አለ ገበየሁ። «እኔን! በዚህ ዕድሜዬ! ቦሰና ስታለቅስ ነው ያደረችው። እሑድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። በሰው ፊት ትናገራታለህ፣ ትክሳለህ!»

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?»

«ምን አገባህ! አምስት። ቦሰና እምቢ ካላለች ስድስት።»

«እምቢ እንዳትል ይንገሯት» አለ አምባቸው፤ መቶ አርባውን እንደያዘም ለእንግዶቹ የሚሆን ሊገዛ ተመልሶ ገበያው ውስጥ ገባ።